ከጎመን ምንቸት እስከ ኮንዶሚኒየም፦ የጓሮ አትክልት ለማን ያዋጣል?

እንቁጣጣሽ ሲመጣ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" ይባላል። የክረምቱ ስንብት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ይራቆታል። አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። በዚያ መሀል ቤተሰቡን የሚያሻግረው ከጓሮ የሚቀነጠስ ጎመን ነው። ሰማዩ ጠርቶ እሸቱ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ውለታ ይረሳና ጎመን "ውጣ" ይባላል።

"ጎመን በጤና" የሚለው ተረትም ቢሆን የሚያመሰግነው ጤናን ነው። ጤና ካለ በጎመንም ይኖራል ለማለት ነው። ጎመኑ ለጤናው ምን እንዳደረገ አይነግረንም።

ይህን ያነሳሁት የጓሮ አትክልትን ዛሬም በተሳሳተ ሚዛን የምንመዝነው ስለሚመስለኝ ነው። ድሮ የችግር ጊዜ ምግብ ነበር። አሁን ደግሞ የኑሮ ውድነት መድኃኒት ተደርጎ ይነገርለታል። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በዋናነት ስለ ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ቢሆንም፣ ከእሱ ጋር "የከተማ ግብርና" የሚለው ቃል በየወረዳው ገብቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የአስቤዛ ዋጋ የሁሉም ቤት ወሬ ሆነ። "ጓሮህን አልማ፣ ከገበያ ትገላገላለህ" የሚል ምክር ከቴሌቪዥንም ከቲክቶክም አይጠፋም።

እኔ ጓሮ እወዳለሁ። ልጅ ሆኜ ያደግሁት እናቴ ጎመን፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና አንድ የፕሪም ዛፍ በነበራት ግቢ ነው። ግን ከገበያ የሚያገላግል ጓሮ አላየሁም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን 2 ኪሎ፣ በዓመት 730 ኪሎ ይሆናል። አሁን 20 ካሬ ሜትር ጓሮ አለን እንበል። ለከተማ ሰው ይህ ትልቅ ነው። በእኔ ግምት፣ አፈሩ ጥሩ ከሆነና እንክብካቤ ካገኘ፣ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በአንድ ዙር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቅጠል ይሰጣል። በዓመት ሦስት ዙር ቢሳካ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ነው። ሦስተኛው ዙር ደግሞ ውሃ ካለ ብቻ ነው። በጣም ከተሳካልን ከሚያስፈልገን አንድ አራተኛውን አገኘን ማለት ነው። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና በርበሬ ገና አልተነኩም። የቤቱን ወጪ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ጓሮን በብር ብቻ የመዘነ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙ ጓሮ የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ሲታይ ግን ደርቆ የልብስ ማስጫ ሆኗል።

ሌላ ሚዛን ግን አለ። ኑሮ ሲከብድ ከገበታው መጀመሪያ የሚቀነሰው ምንድን ነው? እንጀራው አይቀነስም፤ ሽሮውም ይቆያል። መጀመሪያ የሚጠፉት ፍራፍሬው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱና ቅጠሉ ናቸው። ሆድ ሞልቶ ያድራል፤ የጎደለው አይታይም። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 በአገራችን የነበረውን የምግብ ዋጋ የተመለከተ ጥናት ያገኘውም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው። በእነዚያ ዓመታት ከእህል ይልቅ የተወደዱት ገንቢ ምግቦቹ ናቸው፤ የወተት ተዋጽኦ፣ እንቁላል፣ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልና ቫይታሚን ኤ ያላቸው ፍራፍሬዎች።

ውጤቱ ልጆች ላይ ይታያል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ከሆናቸው ሕፃናት 57 በመቶዎቹ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳየ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የዚሁ ጥናት አነስተኛ ዙር ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር የሆነ፣ ነበሩ። ያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ (በዓይነቱም በቀን በሚበሉት ጊዜ ብዛትም ቢያንስ የሚበቃውን) የሚያገኙት 11 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነግሮናል። ከአሥር ሕፃናት አንዱ እንደማለት ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ነበር ያቀደው።

መቀንጨርን ጓሮ ብቻውን አይፈታውም። ንጹህ ውሃ፣ የእናትየው ጤና፣ እንቁላልና ወተት፣ ሁሉም አሉበት። ግን ከገበታው መጀመሪያ የሚቀነሰውን በየቀኑ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚመልስ ነገር ቢኖር ጓሮ ነው። ለአንድ የሁለት ዓመት ልጅ ግማሽ ጭልፋ የተቀቀለ ጎመን ትልቅ ነገር ነው። ለዚያ 20 ካሬ ሜትር አያስፈልግም። አራት ካሬ ሜትር ይበቃል።

እዚህ ላይ ወጥ ቤቱም ሥራ አለበት። የቅጠልን ቫይታሚን ኤ ሰውነት የሚወስደው ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ የልጁ ጎመን ትንሽ ዘይት ይንካው። ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ደግሞ ሎሚ ይረዳዋል፤ ቡናና ሻይ ይከለክሉታል። ከምሳ በኋላ ወዲያው ቡና ማፍላት ልማዳችን ነው። ደም ማነስ ያለባት እናት ግን ቡናዋን አንድ ሁለት ሰዓት ብታቆየው ለራሷ ነው። ጎመንና ቆስጣም እኩል አይደሉም። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ካልሲየሙን ስለሚይዘው ሰውነት ብዙውን አያገኘውም። የጎመን ካልሲየም ግን በቀላሉ ይገኛል። ያ "ውጣ" ያልነው ጎመን!

ጓሮ የጓዳ ቅጥያ ነው

ይህን እውቀት ከውጭ ያመጣነው አይደለም። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ያውቀዋል። ከቤቱ ፊት ለፊት ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ አለ። ከጀርባ እንሰቱ ይቆማል። እንሰቱ ቤቱን ተጠግቶ የሚተከለው በምክንያት ነው። የበረት ፍግ፣ የምድጃ አመድና የወጥ ቤት ጥራጊ ሸክም ሳይበዛ በየቀኑ እሱ ጋ ይደርሳል። ከቤት ራቅ ባለ ቁጥር አፈሩም እየሳሳ ይሄዳል። ገዴኦ ላይ ደግሞ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ቦታ ተደራርበው ይኖራሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የገዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በእኔ እይታ ቅርሱ ሲጠቃለል ትልቅ ጓሮ ነው።

ኮንሶና ጋሞ ቆላማ ቦታዎች ላይ ሽፈራው (ሞሪንጋ) የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ይቀቀላል። ድርቅን ይችላል። ሌላው አትክልት ሲጠወልግ እሱ ቅጠል ያወጣል። እዚያ የሚኖር ቤተሰብ ስለ በጋ ጓሮ ብዙም አይጨነቅም፤ ዛፉ ራሱ ጓሮ ነው።

ከነዚህ ቦታዎች የምንማረው አንድ ነገር አለ። ጓሮ ማለት የጓዳ ቅጥያ ነው። የሚተከለው ወጥ ቤቱ ዘወትር የሚፈልገው ነው። የሚመግበውም የወጥ ቤቱ ትራፊ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመሩትም እናቶችና አያቶች ናቸው። ስለዚህ ዘር ሲታደል፣ ሥልጠና ሲሰጥ፣ የአባወራው ስም ብቻ ዝርዝር ላይ ሲሰፍር አዝናለሁ። ጎመኑን የምትቀነጥሰው ሌላ ሰው ናት።

ምን ይተከል?

የከተማ ሰው ጓሮ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያስበው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ገበያ ላይ የሚያማርሩት እነሱ ስለሆኑ ነው። ይገባኛል። ግን አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ ይተዉት እላለሁ። አብዛኛው የከተማችን ክፍል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ክረምት ላይ ቲማቲም ቅጠሉ ጠቁሮ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጩ አለ። ሽንኩርት ወራት ሙሉ ቦታ ይዞ አንዴ ብቻ ይነቀላል። ሽንኩርቱን ለመቂና ለፎገራ ገበሬዎች እንተውላቸው። እነሱ ጋ ሙቀቱም መስኖውም አለ።

ለደጋ ጓሮ የሚሆነው ደጋግሞ የሚቀነጠስ ነገር ነው። የሐበሻ ጎመን አለ፤ የእኛው አገር ተክል ነው። የታች ቅጠሉን እየቀነጠሱ ለወራት ይበሉታል። ሲያብብ ዘሩን ይይዙታል፤ የተረፈው ጎመን ዘር ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ቆስጣም እንዲሁ ነው። ባሮ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ሰላጣ ደጋውን ይወዱታል። ዱባ አጥር ላይ ይወጣል፤ መሬት አይሻማም። ከዳር ዳር ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል። እነዚህ ትንሽ ቦታ ይዘው ድስቱን ሁሉ ይለውጡታል። ከፍቅር የተነሳ ብዙ ጻፍኩ መሰለኝ፤ በሶብላ ግን ይገባዋል።

ወደ ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ወላይታ ወረድ ሲሉ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ብርቱካናማው ስኳር ድንች አለ። አንዲት መካከለኛ ፍሬ የአንድን ትንሽ ልጅ የቀን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ትሸፍናለች። ፓፓያም ከተተከለ በዓመት አካባቢ ያፈራል። ለጓሮ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

አፈሩንም ማየት ያስፈልጋል። ወደ እንጦጦ በኩል ቀይ አፈር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል። ወደ ቦሌና አቃቂ በኩል ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። መፍትሔው መደቡን ከፍ ማድረግና ብስባሽ መጨመር ነው። ብስባሽ ለመሥራት ጥበብ አያስፈልግም። የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ካለ ፍግ። አዲስ አበባ ስለሚቀዘቅዝ አራት ወርና ከዚያ በላይ ይታገሱ።

ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ሲመጣ ብዙ ሰው ወደ መርዝ ይሮጣል። ለእርሻ ማሳ የተሠራ ኬሚካል ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ መርጨት ያስፈራኛል። መጀመሪያ የሳሙና ውሃ ይሞክሩ። ከቅጠሉ በታች በኩል በደንብ ይረጩት። ክፉኛ የተያዘውን ቅጠል ቀንጥሶ መጣል ግማሽ ሥራ ነው።

ከጥቅምት በኋላ

ጓሮ የሚሞተው በውሃ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ላይ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ያዘንባሉ። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 10,000 ሊትር ነው። በአንድ ወር! ያ ሁሉ በአሸንዳ ወርዶ ወደ ቦይ ይሄዳል።

ማጠራቀሙ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን እንበል። 20 ካሬ ሜትር ጓሮ በጋ ላይ በቀን ከ80 እስከ 100 ሊትር ይጠጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ወይም አምስት ማለት ነው። ሮቶው በ20፣ ቢበዛ በ25 ቀን ያልቃል። በጋው ደግሞ ወራት ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር "ጎመኑን አጠጡ" ማለት ለቤቱ ተጨማሪ ጭንቀት ነው።

የኔ መልስ ጓሮውን ከወቅቱ ጋር ማስፋትና ማጥበብ ነው። ክረምት ላይ 20ውንም ካሬ ይዝሩ። ጥቅምት ሲያልቅ ለወጥ ቤቱ ቅርብ የሆነውን ስድስት ካሬ ብቻ ይያዙ። ስድስት ካሬ በቀን ከ24 እስከ 30 ሊትር ይበቃዋል። ያው ሮቶ ከሁለት ወር በላይ ይሄዳል። ጎመንና ምስር ያጠቡበት ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይዘልቃል። በረኪና የነካው ውሃ አይሁን። የልብስ እጥበት ውሃም ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ላይ አይፈሰስ። አፈሩን ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ያልብሱት፤ ጉዝጓዝ ያለው መደብ ጠዋት ሲያዩት እርጥበቱን ይዞ ይገኛል። ማጠጣት ማለዳ ወይም ማታ ነው። የቀረው 14 ካሬ እስከ በልግ ይረፍ፤ ብስባሽ ይበላ።

የምንገዛው ቅጠል ከየት ነው?

በራስ ጓሮ ለማምረት ሌላ ምክንያት አለ፤ ስናገረው ልቤን ይከብደኛል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። በመንገዳቸው የፋብሪካውንም የቤቱንም ፍሳሽ ይቀበላሉ። በዳርቻቸው ለብዙ ዓመታት አትክልት ሲመረት ኖሯል። እዚያ በበቀሉ አትክልቶች ላይ የተሠሩ የተለያዩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና ሊድ ያሉ ከባድ ብረቶችን ከሚፈቀደው በላይ አግኝተዋል። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ እነዚህን ብረቶች ከሌላው አትክልት የበለጠ ይስባል። ተክሉ ውስጥ የገባ ብረት በማጠብ አይለቅም።

ገበሬውን መውቀስ አልችልም። በጋ ላይ ያገኘው ውሃ ያ ነው። ወንዙን ያበላሸው እሱ አይደለም። ሸማችም ገበያ ላይ የተደረደረውን ቆስጣ አይቶ ከየትኛው ውሃ እንደጠጣ ሊለይ አይችልም። ግቢው ውስጥ በአራት ካሬ ያበቀለው ሰው ግን ያውቃል።

ይህ ማለት የራስ ግቢ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ጋራዥ የነበረበት ቦታ፣ የመኪና ባትሪ የተቀጠቀጠበት መሬት፣ የሰፈር ፍሳሽ የሚያልፍበት ቦይ ዳር አትክልት አይተከልም። አሮጌ ቀለም የሚረግፍበት ግድግዳ ሥርም እንዲሁ። እዚያ ላይ ከመትከል ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ጆንያ መሙላት ይሻላል።

ዛፍ ግን ዕድሜ ይጠይቃል

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቅጠል ነው። ቅጠል በሁለት ወር ይደርሳል። ፍራፍሬ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ነገ እዚሁ እንደምንኖር ማወቅን።

አቮካዶን ብንወስድ፣ ከፍሬው የበቀለ ችግኝ እስኪያፈራ ስድስት ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የሚያፈራውም የእናቱን ዓይነት ላይሆን ይችላል። ግራፍት የተደረገው፣ ብዙዎች "የተዳቀለ" የሚሉት፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይበቃዋል። መንገድ ዳር ችግኝ ሲገዙ "የተዳቀለ ነው" መባሉን ብቻ አይመኑ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የመጋጠሚያ ጠባሳ ይፈልጉ። ጠባሳ ከሌለ ከዘር የበቀለ ነው። ቅጠሉንና ግንዱንም ገልብጠው ይዩ። በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የማንጎ ነጭ ተባይ ከቦታ ቦታ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ችግኝ ነው። የአንድ ሰው ግዢ የሰፈሩን ማንጎ ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ማንጎና ሙዝ አይሞከር እላለሁ። ፕሪም፣ ኮክና ፖም ብርዱን ይወዱታል። ለፖም የጨንቻ ደጋ ምስክር ነው። አቮካዶ ከነፋስ በተከለለ ግቢ ይሞከራል፤ ከፍ ባለው ሰፈር ግን ውርጭ ሕፃን ችግኙን እንዳይገድለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ማታ ማታ መሸፈን ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በከተማችን ስንቱ ሰው ነው አራት ዓመት እዚያው ቤት እንደሚኖር እርግጠኛ የሆነው? የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ለተከራይ ጥሩ ነገር ነው። ግን ሁለት ዓመት ለጎመን ይበቃል፣ አዳማ ላይ ለፓፓያ ይበቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ለአቮካዶ አይበቃም። ተከራይ ለሌላ ሰው ዛፍ አይተክልም። አከራይም "ሥሩ መሠረት ይነካል" እያለ ይከለክላል።

የራሱ ግቢ ያለውም ቢሆን ልቡ ሙሉ አይደለም። የኮሪደር ልማቱና መልሶ ማልማቱ ብዙ አሮጌ ግቢዎችን ነክቷል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመሬቱ ላይ ላለ ንብረት፣ ለቋሚ ተክልም ጭምር፣ ካሳ እንዲከፈል ይላል። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ከግቢ ወደ ፎቅ የገባ ቤተሰብ በካሳው ገንዘብ ሌላ የ20 ዓመት ዛፍ መግዛት አይችልም። የእናቴ የፕሪም ዛፍ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ያበላ ነበር።

ስለዚህ "ሁሉም ሰው ጓሮውን ያልማ" ከማለት በፊት ጓሮ ያለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ብዙ ሺህ ቤተሰብ መሬት ሳይረግጥ ይኖራል። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ወይ ሲሚንቶ ተለብጧል፣ ወይ መኪና ቆሞበታል፣ ወይ የግንባታ ፍርስራሽ ተከምሮበታል። አዲስ ሕንፃ ሲፈቀድ የመኪና ማቆሚያ እንደሚጠየቀው ሁሉ የአትክልት መደብም ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? ለእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ካሬ ሜትር፣ አንድ የውሃ መስመር፣ በቃ።

እስከዚያው በረንዳ አለ። ፀሐይ በቀን አራት ሰዓት ያህል የሚያገኝ በረንዳ ለቆስጣና ለሰላጣ ይሆናል። ባልዲው ከታች ይበሳ። አፈር የሞላው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ሲጠጣ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከጫፉ ይልቅ ወደ ግድግዳው ይደርደር። ምግብ የነበረበት ባልዲ ቀለም ከነበረበት ይሻላል። ሰባት ስምንት ባልዲ ለአንድ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ቅጠል ያቀርባል።

እኔ የምኖርበት ብሎክ ላይ ባለፈው ዓመት ነዋሪዎች ተሰብስበን ከደረጃው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ጠየቅን። ኮሚቴው ፈቀደልን። ከስምንት ካሬ ሜትር የማይበልጥ ነው። መጀመሪያ ያወጣነው የሴራሚክ ስባሪና የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። ከዚያ አፈር በጋሪ አስመጣን። ሰኔ ላይ ጎመንና ቆስጣ ዘራን፣ ጥጉ ላይ አንድ ፕሪም ተከልን። ክረምቱ ያለ ችግር አለፈ። ጭቅጭቁ የመጣው ኅዳር ላይ፣ ማን ያጠጣ በሚለው ነበር። ብዙ ተነጋግረን በየፎቁ ተራ ተደለደለ። አንድ ፎቅ በቀን ሁለት ጀሪካን ያወርዳል። የእኛ ፎቅ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነው።